ሰባቱን ነጥብ ማን ወሰደ

ደርበው ገብረ ዮሐንስ ሰውን የሚያውቀው ከእግሩ ነው። በላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ ተቀምጦ የጎብኚ ጫማ ሲጠብቅ ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ፈረንጁም ሆነ ያገሩ ሰው ጫማውን አውልቆ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ፣ ደርበው ጥንድ ጥንዱን ያነሣል፣ አቧራውን በእጁ ያራግፋል፣ ከዚያ አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ ይደረድረዋል። ባለቤቱ ሲወጣ መዞር የለበትም፤ እግሩን ከትቶ መንገዱን መቀጠል ነው። ሌሎቹ ጠባቂዎች እንደ ድንች ክምር አንዱን ባንዱ ላይ ይጥሉታል።

"አያ ደርበው፣ ለጫማ ይህን ያህል ክብር ከሰጠህ ለባለቤቱማ ምን ልትሰጥ ነው?" ይለዋል አብሮት የሚጠብቀው አረጋ።

"ባለቤቱ እኔን አያየኝም። ጫማው ግን ያየኛል።"

አረጋ ይስቃል። ደርበው አይስቅም።

ጫማ ለመጠበቅ አልተወለደም። ይህን ሳይጠየቅ የሚናገረው እሱ ራሱ ነው። በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት አሥራ ሁለተኛን ሲፈተን፣ ከክፍሉ አንደኛና ሁለተኛ የሚወጣ፣ የቄስ ልጅ፣ ዲያቆን፣ ግእዙን ከእንግሊዝኛው አብሮ የያዘ ጎረምሳ ነበር። ማትሪኩ ሲመጣ ሁለት ነጥብ ስድስት አለ። መቁረጫ የሚሉት ነገር አለ፤ ማን እንደሚቆርጠው አይታወቅም፣ ማንን እንደሚቆርጥ ግን ይታወቃል። የዚያ ዓመት መቁረጫ ለወንድ ከሱ ነጥብ በላይ፣ ለሴት ከሱ ነጥብ በታች ሆነ። ሰብሌ የምትባል የክፍሉ ልጅ ሁለት ነጥብ አራት ይዛ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ደርበው ሁለት ነጥብ ስድስቱን ይዞ አባቱ ቤት ገባ።

"ወንበሬ ላይ ተቀመጠች" አለ ያን ጊዜ። ማለቱንም አልተወ። ሠርግ ላይ አለው፣ ለቅሶ ላይ አለው፣ በማኅበር ጠላ ላይ ሰው ሁሉ ስለ ዝናቡ ሲያወራ እሱ ስለ ወንበሩ አወራ። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ የተበደለ ሰው በደሉን እንደ ጥሩ በሬ ይቀልበዋል። ሚስቱ አሰለች ገና ሲያገቡ ታዝንለት ነበር። ኋላ ኋላ ግን "ሰብሌ" ሲል ብድግ ብላ ሥራ ትፈልጋለች።

ከስምንት ዓመት በፊት ደግሞ ይኸው በደል ሌላ ወለደ። ሰብሌ በልደት ሰሞን ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ላሊበላን ልትሳለም መጣች። ጥቁር ጫማዋን አውልቃ ለደርበው ሰጠችው። በቤት ሲያወራው "እጄ ላይ አስቀምጣ አለፈች፤ ዓይኗን እንኳ ወደ እኔ አላነሣችም" ብሎ ነው ያወራው። ልጁ ትሕትና ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷን አቅፋ፣ ያችን ሴት በልቧ ስትረግማት አመሸች።

እንዲህ ሆና አደገች ትሕትና። ሰብሌ የምትባል ሴት የአባቷን ወንበር እንደ ወሰደች ያወቀችው ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ነው። ቤታቸው ከአሸተን ማርያም በታች፣ ከከተማው በላይ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ስትሄድ ቁልቁለት፣ ስትመለስ ዳገት። ያንን መንገድ ስምንት ዓመት ተመላለሰችበት። አሥራ ሁለተኛን ስትፈተን ከሰባት መቶ አምስት መቶ አሥራ ሁለት አመጣች። በሁለት ሺህ ስድስት መስከረም ምደባው ሲወጣ ደርበው ራሱ አብሯት ኢንተርኔት ቤት ሄደ። የቤቱ ልጅ ቁጥሯን አስገብቶ ትንሽ ጠበቀና፣ "አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ። ሕክምና" አለ።

ደርበው "ድገመው" አለው። ደገመለት። "ደግሞ አንድ ጊዜ" አለው። ልጁ ሦስተኛ አነበበለት፤ ወረፋ የያዙት ተማሪዎች ሳቁ።

ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ቤተ ማርያም ደጃፍ ሄዶ ለአረጋ ነገረው።

"እንግዲህ አንተ ጫማችንን አይተህልናል፣ እሷ ደግሞ እግራችንን ታየዋለች" አለ አረጋ፤ ብሎም ተነሥቶ ሳመው። ደርበው በሥራ ቦታው ሲስቅ የታየው ያን ቀን ነው።

ደስታው አንድ ሳምንት ቆየ።

ምስጋኑ የሚባል የከተማ ልጅ አለ፤ ከትሕትና ጋር ከዘጠነኛ ጀምሮ ባንድ መጽሐፍ ያጠና። አባቱ የሱቅ ባለቤት፣ እናቱ ይማርሽ የምትባል አንደበቷ የማይያዝ ሴት ናት። ምስጋኑ አምስት መቶ አሥራ ዘጠኝ ነው ያመጣ፤ ከትሕትና በሰባት ይበልጣል። እሱም የሞላው ያንኑ ነበር፣ አዲስ አበባ፣ ሕክምና። ኮምፒውተሩ ግን ራቅ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ፣ ላልመረጠው ትምህርት ወረወረው። ለሴት የሚቆረጠው ነጥብ ዝቅ ያለ መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቃል።

መስከረም ሃያ አንድ፣ የግሸን ማርያም ዕለት፣ አሰለችና ትሕትና በከተማው ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ ወጥተው ከቅጥሩ ጥግ ቆመዋል። ይማርሽ ከፊታቸው ካሉት ሴቶች ጋር ናት። ፊቷን ሳታዞር፣ ድምጿን ግን ሳትቀንስ፣ እንዲህ አለች፦

"እኛ ሞኞች ነን እቴ። ልጃችንን በሱሪ አስፈተንነው። ቀሚስ አልብሰን ልከነው ቢሆን ይኸን ጊዜ ሐኪም ነበር።"

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። አሰለች መልስ ልትሰጥ አንድ እርምጃ ስትራመድ ትሕትና የነጠላዋን ጫፍ ይዛ አስቀረቻት። ያንን ሁሉ ዳገት እናትና ልጅ ሳይነጋገሩ ወጡት።

ደርበው በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቤት ሲደርስ፣ አባቱ ቄስ ገብረ ዮሐንስ እንደ ወትሯቸው ከደጅ መደቡ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ከደከመ አምስት ዓመት ሆኗል፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያሉ። አሰለች ትንሹን ልጇን አዝላ ከጎናቸው ምስር ትለቅማለች። ትሕትና በሩ ላይ ቆማለች።

"አባዬ፣ አልሄድም።"

"የት?"

"አዲስ አበባ።"

ደርበው ጋቢውን ከትከሻው ሳያወርድ ቆመ። የመግቢያው ቀን አምስት ቀን ነው የቀረው። በተባለው ቀን ያልደረሰ ተማሪ ቦታው እንደሚዘጋ ኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ አንብቧል።

"ማን ምን አለሽ?"

አሰለች የሆነውን ነገረችው። ደርበው ሰምቶ ሳይጨርስ ጋለ። "ይማርሽ? ባሏ ስኳር ደብቆ አገሩን ሻይ ሲያስናፍቅ የከረመ፣ እሷ ናት የልጄን ነጥብ የምትቆጥር? ነገ ከሱቋ ደጃፍ ቆሜ ነው የምነግራት። ቀሚስ አለች? ቀሚስ ለብሶ ይህን ዳገት ይውጣው እስቲ የሷ ልጅ።"

"አባዬ፣ እሷ እኮ ያለችው አንተ የምትለውን ነው።"

"እኔ ምን አልሁ?"

"ወንበሬ ላይ ተቀመጠች።"

ደርበው ጋቢውን ከትከሻው አወረደ።

"ምስጋኑ በሰባት በልጦኛል" አለች ትሕትና፤ ድምጿ እንደ ተማሪ ጥያቄ የረጋ ነው። "እኔ ብሄድ ነገ እሱም እንዳንተ ይሆናል። የትም ቢቀመጥ ስሜን እየጠራ ይኖራል። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ። ልጆቹ እኔን እየረገሙ ያድጋሉ። እኔ ሰብሌን ስረግም እንዳደግሁት። ሌላ አንተ እንዲኖር አልፈልግም አባዬ። አንድ አንተን ሳይህ ልቤ ያመኛል።"

ደርበው የተሰደበ መስሎት ነበር፤ ፊቷን ሲያየው ግን ስድብ አልነበረበትም። ልጁ አዝናለት ነው የምትቀር። ከዚህ የባሰ ምን አለ? ሰው ሲጠላህ ታውቅበታለህ፤ ልጅህ ስታዝንልህ ግን እጅህን የት እንደምታደርገው ይጠፋሃል። ወደ አጥሩ ድንጋይ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀመጠ።

ቀድማ የተናገረች አሰለች ናት። ሰፌዱን ከጭኗ አወረደች።

"ሰባት ነው ያልሽው?"

"ሰባት።"

"እሱን የወሰድሁት እኔ ነኝ። ምስጋኑ አይደለም፣ አንቺም አልጣልሽው። አሥራ አንደኛ ሳለሽ ኅዳር ላይ እኔ ታናሽሽን ወልጄ አራስ ነበርሁ። አጨዳው ደረሰ፣ ሦስት ሳምንት አስቀረሁሽ። ያን ጊዜ ምን ነበር የተማሩት?"

ትሕትና ትንሽ አሰበች። "ፊዚክስ ላይ... ስለ ኤሌክትሪክ።"

"እንግዲያ መብራቱን የበላሁት እኔ ነኝ። መብራት በሌለበት ቤት መብራት ትምህርት መሆኑን በምን አውቄ?" ከአሰለች አፍ ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ነገር ወጣ። "የይማርሽ ልጅ ውሃ ቀድቶ ያውቃል? መብራት ሲጠፋ ሞተር የሚያስነሣ ቤት ነው። አንቺ በኩራዝ ስታነቢ ጋዙ ሲያልቅ በወላፈን ስታነቢ አይቻለሁ። እናት ነኝ ብዬ አይቼ ዝም አልሁ።"

"ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም እኮ እማዬ። ሴት መሆኔን ብቻ ነው የሚያውቅ።"

"ለሴት ይቀነስላት ብሎ የጻፈው ሰው ውሃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ ያውቃላ።"

ትሕትና ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። ግን ራሷን ነቀነቀች። "ለምስጋኑ ይህ ምኑ ነው? እሱ ውሃ አልቅዳ አላለ።"

ያን ጊዜ ቄስ ገብረ ዮሐንስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሽማግሌው ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም፤ ስለ ሰብሌ በተወራ ቁጥር ደግሞ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ሌላ ይዞሩ ነበር። ደርበው ይህን ንቀት ነው ብሎ ይዞት ኖሯል።

"ደርበው" አሉ።

"አቤት።"

"ና ቅረብ። ለዚች ልጅ የጊዮርጊሱን ቀን ልነግራት ነው።"

ደርበው ከድንጋዩ ላይ ተነሣ። "ይተዉት አባቴ።"

"ሃያ ዓመት ተውሁት። እንግዲህ አልተወውም።" ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ትሕትና ድምፅ አዞሩ። "አንቺ፣ ለቅዳሴ ስንት ልዑካን ያስፈልጋል?"

"አምስት፣ አባባ። ሁለት ቄስ ሦስት ዲያቆን።"

"የኛም መቁረጫ ያ ነው። አራት ይዞ ማንም አይገባም። በሰማንያ አምስት፣ ግንቦት ጊዮርጊስ፣ በዓለ ሃምሳ ስለነበር ቅዳሴው ጠዋት ነው። ሦስተኛው ዲያቆን ሙጃ ከተማ ለቅሶ ሄዶ አልተመለሰም። አራት ሆነን ቀረን። የሰማንያ ቀን ሕፃን ለክርስትና ቀርባለች፤ ታማ፣ እናቷ ሞተች አልሞተች እያለች ጡቷን በአፏ ታስይዛታለች። ቅዳሴው ከታጎለ ሳትጠመቅ ልትሞት ነው። አባትሽ ልብሱን ለብሶ፣ እርሳሱን ይዞ፣ ቁልቁል ሊወርድ በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር በኩል አለፈ። የሒሳብ ፈተና ነበረው ያን ቀን። እኔ አውቃለሁ። አውቄ ጠራሁት። 'ቶሎ ያልቃል፣ ትደርሳለህ' አልሁት። ቅዳሴ ቶሎ እንደማያልቅ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ?"

ትሕትና አባቷን አየችው። ደርበው መሬት መሬት ያያል።

"ልብሰ ተክህኖ የለበሰ ሰው ሳይፈጸም አይወጣም። አልወጣም። አንድም ጊዜ ፊቱን አላጠቆረ። ለማቁረብ ድርገት ስንወርድ ፀሐይቱን በመስኮት አያት፤ እኔ እሱን አየሁት። ሲፈጸም ሮጠ። ሕፃኗ ዳነች። ዛሬ ኮን ከተማ ባለ ትዳር ናት፣ ሁለት ወልዳለች። የልጄ ሒሳብ ግን አልዳነም።"

"አንቱ አልነበሩም፣ አባቴ" አለ ደርበው። ድምፁ ሻክሯል። "መቁረጫው ነው።"

"መቁረጫው ስንት ነበር?"

"ሁለት ነጥብ ስምንት።"

"ሒሳቡን በሙሉ ሰዓት ተፈትነህ ቢሆንስ?"

"አልፍ ነበር።"

"ታዲያ ያቺ ልጅ ምንህን ወሰደች?" አሉ ቄስ ገብረ ዮሐንስ፤ ቁጣ የለበትም። "ስሟን በጠራህ ቁጥር እኔን እንደምትጠራ አውቅ ነበር። አባቱን በሰው ፊት ላለማዋረድ ብሎ ነው አልሁ፤ ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዝም አልሁ። የኔን ኃጢአት ለሰው ልጅ አሸክመህ ስትዞር ዝም አልሁ። ዲቁናህን ስትተው ዝም አልሁ። ይኸው አሁን ሸክሙ ከዚች ልጅ ደረሰ።"

ደርበው አባቱ እግር ሥር ተንበረከከ። ይቅርታ ይጠይቅ ይሁን ይቅር ይበል እሱም አያውቀው። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን በመዳፋቸው ፈለጉ፤ ጉንጩን፣ ግንባሩን፣ የሸበተውን ፀጉሩን ዳሰሱት። ለዓመታት እንዲህ አልነኩትም ነበር።

"ጫማህን ትተህ ነበር የሮጥህ" አሉ ቀስ ብለው። "ኋላ ከደጃፉ አገኘሁት።"

"ከሰዉ ጫማ ተደባልቆ ፈልጌ አጣሁት። በባዶ እግሬ ወረድሁ። ፈታኙ እግሬን አየና አዘነልኝ፤ 'አርባ ደቂቃ ነው የቀረህ፣ ግባ' አለኝ። ደሙ ወለሉን እየነካ ሠራሁ።"

ትሕትና መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ለምን ጫማ እንደዚያ እንደሚደረድር ሕይወቷን ሙሉ ሲጠይቁት ሰምታለች፤ መልሱን ግን ዛሬ ነው የሰማች።

"ደግሞ ሌላም አለ" አለ ደርበው ወደሷ ዞሮ። አንዴ ከጀመረ መጨረስ ፈለገ፤ ቁስል ሲታጠብ እንዲህ ነው። "ሰብሌ ከኔ ይልቅ ከሩቅ አገር ነበር የመጣች። ከተማ ላይ ሰው ቤት ተጠግታ፣ ለአከራይዋ ውሃ እየቀዳች ሽሮ እየፈጨች ነው የተማረችው። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላት ነበር። አጠገቤ ነበረች፤ አይቼዋለሁ። አይቼ ነው የረሳሁት።"

"ጫማዋን ስትሰጥህስ? ዓይኗን ሳታነሣ ያለፈች ጊዜ?"

ደርበው ፈገግ አለ፤ መራራ ፈገግታ። "አንሥታለች። ቁጢጥ ብላ ፊቴን አየችው። 'ይቅርታ፣ ደርበው አይደለህም?' አለችኝ። 'አይደለሁም' አልኋት።"

አሰለች ከሰፌዱ ያነሣችው ምስር ከእጇ ፈሰሰ። "አይደለሁም?"

"አይደለሁም አልሁ። 'በጣም ትመስለዋለህ፤ ሒሳብ ያስጠናኝ ነበር፣ የት ይሆን' ብላ ገባች። ያን ቀን የሷን ጫማ ብቻ አፍንጫውን ወደ ግንቡ አዙሬ አስቀመጥሁት። ወጥታ ራሷ አዞረችው፤ አመስግናኝ ሄደች።"

ከበታች ካለው ማሳ የጎረቤት ሰው በሬ ሲጣራ ይሰማል። ከዚያ ትሕትና ድንገት ሳቀች፤ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። "ወደ ግንቡ?" አለች። "ይኸው ነው በቀሉ?"

"ይኸው ነው" አለ ደርበው። እሱም ሳቀ። ሽማግሌውም በመቋሚያቸው ላይ ተንቀጠቀጡ፤ ለዓይን የሚያለቅሱ ቢመስሉም እየሳቁ ነበር።

ሳቁ ሲበርድ ትሕትና ጥያቄዋን አልረሳችም። "ምስጋኑንስ ምን እለዋለሁ?"

"አንቺ ምንም አትይውም። እሱን የምናገር እኔ ነኝ" አለ ደርበው። "የጀመርሁት እኔ ነኛ።"

በአራተኛው ቀን ማለዳ፣ ትሕትና ስንቋንና ሻንጣዋን ይዛ ልትወጣ ስትል፣ የሸራ ጫማዋ ከደጃፉ ታጥቦ፣ ክሩ ተፈትቶ፣ አፍንጫው ወደ መንገዱ ዞሮ ጠበቃት። እግሯን ብቻ ከተተች። ቄስ ገብረ ዮሐንስ መስቀላቸውን በግንባሯ ላይ አሳርፈው ትንሽ ጸለዩ፤ "ዳዊቱን ማን ያነብልኛል እንግዲህ" አሉ፣ ቀጥለውም ራሳቸው፣ "በቃሌ ነው የማውቀው፣ ሂጂ" አሉ። አሰለች እስከ ቁልቁለቱ አፍ ሸኘቻት።

መናኸሪያው ላይ ወደ ወልድያ የሚሄደው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቷል። ምስጋኑም እናቱ ይማርሽም አሉ፤ ልጁ በዚያው መኪና ወርዶ ወደ ተመደበበት ሊያልፍ ነው። ይማርሽ ደርበውን ስታይ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ምስጋኑ ደግሞ ዓይኑን አንሥቶ መልሶ ጣለው። ደርበው ያንን አጣጣል ያውቀዋል፤ ሃያ ዓመት በመስታወት ሲያየው ኖሯል።

ወደ ልጁ ሄደ።

"ምስጋኑ፣ የሰብሌን ወሬ ሰምተሃል? ወንበሬን ወሰደች የምለውን?"

"አገሩ ሁሉ ሰምቷል፣ ጋሽ ደርበው።"

"ውሸት ነው። ሒሳብ ፈተና ላይ ዘግይቼ ደርሼ ነው የወደቅሁት። እሷ ምንም አልወሰደችብኝ።"

ይማርሽ ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አደረገች። ምስጋኑ ግራ ገባው። "ለምንድን ነው ለኔ የሚነግሩኝ?"

"እኔ ያንን ወሬ ይዤ ሃያ ዓመት ባንድ ደጃፍ ተቀምጫለሁ። ከባድ ነው። አንተ ገና ወጣት ነህ፣ እንዳትይዘው ብዬ ነው።" ደርበው ሌላ የሚለው ነበረው፤ ስለ ውሃውም፣ ስለ ኩራዙም፣ ስለ ዳገቱም። ግን ልጁ መንገደኛ ነው፤ መንገደኛ ብዙ አይጫንበትም። "ብትናደድ መብትህ ነው። አንድ ዓመት ተናደድ። ሁለተኛውን ተማርበት።"

ምስጋኑ መሬቱን በጫማው ጫፍ ቆረቆረ። የሰው እግር ስትጠብቅ የኖርህ እንደሆነ፣ የሚሄድ እግርና የሚቀር እግር ትለያለህ። ይሄ የሚሄድ ነው።

"ተናድጄ ነበር" አለ ምስጋኑ። "አሁንም ትንሽ አለ። ግን ባዮሎጂውን ያስጠናችኝ እሷ ናት። ያንን ብቆጥር ሰባቱ ነጥብ የማን እንደሆነ እኔም አላውቀው።" ከዚያ ወደ ትሕትና ዞሮ ሻንጣዋን ከእጇ ተቀበላት። "ሐኪም፣ ይኸን ምን ሞልተሽበት ነው? የአሸተንን ድንጋይ?"

"ያንተን ኬሚስትሪ መጽሐፍ። ሳልመልስልህ ቀረሁ።"

ይማርሽ ከያዘችው ስንቅ ላይ ቆሎውን ከፈል አድርጋ ለትሕትና በወረቀት ጠቀለለችላት። አፏ ስለማይታዘዝላት እጇን ላከች።

ተሳፈሩ። ትሕትና በመስኮት በኩል ናት። ደርበው ከመኪናው ጎን ቆሞ በመስታወቱ አየት አደረጋት። መስኮቱን ገፍታ ከፈተች።

"አባዬ፣ ሰብሌ አዲስ አበባ ናት አይደል የሚሉት?"

"ናት ይላሉ።"

"ባገኛትስ? የደርበው ልጅ ነኝ ብላት፣ ላሊበላ ሄጄ ጫማ የሚጠብቅ አንድ ሰው አይቼ ነበር፣ በጣም ይመስለው ነበር ብትለኝ፣ ምን ልበላት?"

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ደርበው አብሮ ጥቂት ተራመደ፤ እጁ ከመስኮቱ ጠርዝ አልለቀቀም።

"እሱ ነው በያት" አለ።